የቀጠነ ሐሞት

የላብራቶሪው ኃላፊ በሁለት ነገር ትታወቅ ነበር፤ በሳቅ ቁጠባዋና ያልተረጋገጠ ውጤት ለማንም ትንፍሽ ባለማለቷ። ሐኪሞቹ በስልክ ሲያጣድፏት «መጀመሪያ ማሽኑ ይናገር፣ ከዚያ እኔ እናገራለሁ» ትልና ጆሯቸው ላይ ትዘጋባቸዋለች። ከኋላዋ ያሉት ሠራተኞች እርስ በርስ ተያይተው ይሳሳቃሉ፤ እሷ ግን የምሯን ነው። እንዲህ ያለችዋ ሴት በዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነጭ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ኮሪደሩ ሮጣ ወጣችና ለታናሽ ወንድሟ ደወለች።

«ዝቅ ብሏል!» አለችው። «ሰማኸኝ? ዝቅ ብሏል!»

ከወዲያ በኩል ዝም ተባለ። ቀጥሎ የወንድሟ ሚስት ስልኩን ነጥቃው ነው መሰል፣ ሳቅ ይሁን ለቅሶ የማይለይ ድምፅ ተሰማ። ኃላፊዋም አንጀቷ ራሰና ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። በዚያ የሚያልፍ የጽዳት ሠራተኛ ሰው የሞተባት መስሎት «ያጥናሽ፣ እህቴ» ብሏት አለፈ። ነገሩ በሌላ ቀን ቢሆን ያስቃት ነበር።

ወንድሟ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሐሞትን ከጉበት ወደ አንጀት የሚያወርዱት ቀጫጭን ቧንቧዎች ይቆጡበት ጀመር። የተቆጣ ቧንቧ ጠባሳ ያወጣል፣ ጠባሳው ቧንቧውን ያጠበዋል፤ መውጫ ያጣ ሐሞት ደግሞ ወደ ደም ይመለስና ዓይንን ቢጫ ያደርጋል፣ ገላን ያሳክካል። የሥራ ባልደረቦቹ ዓይኑን አይተው «ሎሚ» የሚል ስም አወጡለት። እሱም ስሙን እንደ ሹመት ተቀበለው። «ድሮ ሐሞተ ቢስ እያላችሁ ታሙኝ ነበር፤ ይኸው ሐሞቴ ሞልቶ በዓይኔ ወጣላችሁ» እያለ ያስቃቸዋል። እህቱ ግን ያንን ስም አንድም ቀን በአፏ አንስታው አታውቅም። እናትና አባታቸው በልጅነቱ ስለሞቱ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ለትዳር የጠየቋትንም «ልጅ አለኝ» እያለች ስትመልስ የኖረችው በሱ ምክንያት ነው። አሁን ያ ልጅ ራሱ አባት ሊሆን ነው፤ የሚስቱ ሆድ ገፍቷል።

የዚህ በሽታ ክፋቱ አድፋጭነቱ ነው። የራጅ ፎቶ ሲነሱ የጠበበው ቧንቧ ይታያል እንጂ፣ ጥበቱ የቆየ ጠባሳ ይሁን ዛሬም የሚነድ ቁጣ ፎቶው አይለይም። ሐሞቱ ግን ይናገራል። ቧንቧው ሲቆጣ ነጭ የደም ሴሎች ወደዚያ ይጎርፋሉ፤ ከነሱም ካልፕሮቴክቲን የሚባል ፕሮቲን ወደ ሐሞቱ ይገባል። ኃላፊዋና ባልደረቦቿ ዓመታት የፈጁት ይህንንና መሰሎቹን ፕሮቲኖች ከሐሞት ለይቶ በመለካት ነው። ፕሮቲኑ ከፍ ካለ እሳቱ አልጠፋም ማለት ነው። በሽታው እንደሱ በቆየበት ሰው ላይ ደግሞ ወደ ካንሰር እንዳይዞር ይፈራልና የሐኪሞች ቦርድ ተቀምጦ የጉበት ንቅለ ተከላ ተራ ይሰጠዋል። ዝቅ ካለ ግን ይጠበቃል፤ ተራው ለሌላ ይሰጣል። የዚህ ጊዜው ቦርድ ካለፈ ቀጣዩ የሚቀመጠው ከወራት በኋላ ነው።

ወንድሟ የሚመኘው መጠበቁን ነበር። ከቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይ የተኛ ሁሉ እንደማይነሳ ያውቃል። እሷም፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ያንኑ ተመኝታለች። ለዚህ ነው ያንን ቁጥር ስታይ የገዛ ደንቧን ረስታ ፈርማ ለቦርዱ የላከችውና ለወንድሟ የደወለችው።

ደንቡ ደግሞ የራሷ ነው። ሐኪሙ ረጅሙን ቱቦ በአፍ አስገብቶ፣ ጨጓራን አልፎ፣ የሐሞቱ ቧንቧ አንጀት ላይ የሚከፈትበት ቦታ ይደርሳል። ቧንቧው በራጅ እንዲታየው ቀለም ይረጭበታል። ሐሞቱ መቀዳት ያለበት ከቀለሙ በፊት ነው፤ ቀለሙና ውሃው ከቀደሙ ሐሞቱ ይቀጥናል፣ በቀጠነ ሐሞት ውስጥ ደግሞ ፕሮቲኑ ሁሉ ከእውነተኛው ልኩ አንሶ ይታያል። በሥራ ክፍሉ ይህ ነገር «ሳትቀዳ አትቀባ» ይባላል። እንዲያም ሆኖ ሰው ሊሳሳት ስለሚችል በማግስቱ ጠዋት ሐሞቱ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳይ ሌላ ምርመራ ይሠራል። ያ ምርመራ ሳይወጣ ውጤት አይነገርም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ረዳቷ ወደ ጠረጴዛዋ መጣች። ረዳቷ ደረቅ ሰው ናት፤ ክፉ ወሬም ደግ ወሬም በአንድ ድምፅ ነው የምትናገረው።

«የትናንቷ ናሙና ቀጥናለች» አለች።

«የትኛዋ?»

«የትናንቷ ነዋ። ትናንት የመጣችው አንድ ናት።»

ናሙናዎቹ የማን እንደሆኑ እንዳይታወቅ በስም ሳይሆን በቁጥር ይመጣሉ። ጥሩ ደንብ ነው፤ በቀን አንድ ሰው ብቻ በሚገባበት ሆስፒታል ውስጥ ግን ደንቡ ዓይንን በጣት ሸፍኖ በጣቶቹ መሃል ማየት ነው። ኃላፊዋ ተነስታ የተረፈውን ናሙና ከማቀዝቀዣው አወጣችና ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። ጤነኛም ይሁን የታመመ፣ የሰው ሐሞት ጠቆር ያለና ወፍራም ነው። ይህኛው ሁለተኛ ውሃ የተጨመረበት ሻይ ይመስላል። ክው አለች። ይህንን ትናንት በእጇ ይዛው ነበር። በእጇ ይዛው፣ ዓይኗ እያየ፣ አላየችውም።

ባለ ቱቦውን ዶክተር ልብስ መቀየሪያው ክፍል አገኘችው። ከራጅ ጨረር የሚከላከለውን ከባድ ሽርጥ ከትከሻው እያወረደ ነበር። አብረው ብዙ ዓመት ስለሠሩ ሰላምታ ሳታስቀድም ጠየቀችው።

«ትናንት መጀመሪያ ቀዳህ ወይስ ቀባህ?»

ዶክተሩ ሽርጡን እንደያዘ ቆመ። «የወንድምሽ ቧንቧ እኮ የመርፌ ቀዳዳ ሆኗል። ብስበው ብስበው ጠብ አልል አለኝ። ቀለም ገፍቼ መንገዱን ካስከፈትኩ በኋላ ነው የመጣልኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ለነርሷ 'ቀለም ቀድሟል' ብዬ ጮክ ብዬ ነግሬያታለሁ። በደንቡ እሷ ትነግራችኋለች ብዬ ነው። ግድ የለም፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ራሴ መደወል ነበረብኝ።» ትንሽ አመነታና «ለመሆኑ አንቺ ለሰው አልተናገርሽም አይደል? የቅጥነቱ ምርመራ እንደሆነ ዛሬ ነው የሚወጣው» አላት።

ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ዶክተሩም ገባውና አቀርቅሮ ሽርጡን ሰቀለ።

ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ ቁጥሩን በቅጥነቱ ልክ አቃናችው። ደግማ አቃናችው። ቁጥሩ ከፍና ዝቅ ከሚለይበት መስመር በላይ ወጣ፣ ያውም በጥቂቱ አይደለም። በእርግጥ እንዲህ የተቃና ቁጥር ግምት ነው፤ ቦርዱም በግምት የሰው ሆድ አይከፍትም። ንጹሕ ናሙና እንደገና መቀዳት አለበት። ቦርዱ የሚቀመጠው ደግሞ ነገ ነው።

ወንድሟን አውቶቡሶቹ በሚያድሩበት ግቢ ውስጥ የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ ዘይት እየለካ አገኘችው። ከትናንቱ ስልክ በኋላ ፊቱ ላይ ብርሃን አገኛለሁ ብላ ፈርታ ነበር፤ ብርሃን ግን አልነበረበትም። ሲያያት መለኪያውን በጨርቅ ጠረገና ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«እትዬ! አንቺ ደግሞ እዚህ ምን እግር ጣለሽ?»

«ያ ውጤት ልክ አይደለም» አለች። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አታውቅበትም። «ሐሞቱ ቀጥኖ ነበር። ቀለም—»

«ቀድሟል። አውቃለሁ።»

እህቱ አፏን እንደከፈተች ቀረች።

«ማደንዘዣው ጨርሶ ስላልጣለኝ ሰማሁት» አላት። «'ቀለም ቀድሟል' ሲል። እራት ላይ ስንት ጊዜ ነው ያንን ነገር የነገርሽኝ? እኔ እኮ ግማሽ የላብራቶሪ ሠራተኛ ሆኛለሁ። ስትደውዪ አውቄ ነበር።»

«አውቀህ ዝም አልክ?»

«ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?»

«ጉበት ግን ይነቅዛል!» አለች፤ ድምፅዋ ግቢው ውስጥ አስተጋባና ጎማ የሚፈቱት ሰዎች ዞረው አዩዋቸው። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያንተ ሞተር ዘይት ውስጥ ውሃ ገብቶ ብታይ መኪናውን ታስነሳዋለህ?»

«ተሳፋሪ ካለበት አላስነሳም። ባዶውን ከሆነ እስከሄደልኝ ድረስ እነዳዋለሁ።» ኮፈኑን ዘጋና በሁለት እጁ ተደገፈው። እጁ ላይ ያሳከከውን የቧጠጠበት መስመር ይታያል። «ስሚኝ እትዬ። አልታከምም አላልኩም። ልጄን ልየው። ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ያድርጉኝ። አሁን ብገባና ባልነሳ፣ ልጄ ምን እንደሚመስል እንኳ ሳላውቅ መሄዴ ነው። ውሸት ተናገሪም አላልኩሽ። ማሽኑ ተናግሯል፣ አንቺ ደግሞ ዝም ትያለሽ። በቃ።»

«ከዚያ በኋላ ሊረፍድ ይችላል።»

«ይችላል። ላይረፍድም ይችላል።» አንገቱን ደፋ። «አሳድገሽኛል። አንድም ቀን እንዲህ ብዬ ለምኜሽ አውቃለሁ?»

አያውቅም። ጫማ እንኳ ለምኗት አያውቅም፤ ቀዳዳውን በካርቶን ደፍኖ ይሄድ የነበረ ልጅ ነው። ኃላፊዋ እንቢም እሺም ሳትለው ከግቢው ወጣች፤ እሱም ዝምታዋን እሺ ብሎ ተረጎመው።

ቦርዱ በማግስቱ ተቀመጠ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ የማይመቹ ወንበሮችና አንደኛው ጎኑ የማይሠራ መጋረጃ አለው። የወንድሟ ጉዳይ ሲደርስ ሊቀ መንበሩ፣ ሽማግሌው ቀዶ ሐኪም፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «እንግዲህ ዝቅ ያለ ነው፤ እንጠብቅ ይሆን?» አሉ። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ባለ ቱቦው ዶክተር ወደሷ ተመለከተ፤ ጥፋቱን ሊናገር አፉን ሲከፍት አየችው። ግን የውጤቱ ፊርማ የሷ ነው፤ ይጸናል ብትል የሚሟገታት የለም። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ በሽተኛው ሌላ ሰው ቢሆን አንዲት ደቂቃም አታመነታም ነበር። ለወንድሟ ሲሆን ግን ከልጁ ጋር የሚያሳልፋቸውን ወራት መቁረስ በእጇ ነው። ዝም ማለት እንዴት ቀላል ነው! አፍን መዝጋት ብቻ እኮ ነው። ከነዚያ ወራት በኋላ የሚመጣውን ስታስብ ግን ተነስታ ቆመች።

«ቁጥሩ አይጸናም» አለች። «ናሙናው ቀጥኗል። ሳላረጋግጥ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ቢቃና ከመስመሩ በላይ ነው።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው መለሱ። የሚዘልፏት መስሏት ነበር፤ እሳቸው ግን «ወንድምሽ ነው አይደል?» ብቻ አሏት። ራሷን ነቀነቀች። «እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ንጹሕ ናሙና አምጡልኝ» አሉ። «ተራውን እስከዚያ እይዝለታለሁ። ካልመጣ ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው፤ ሌላም የሚጠብቅ አለ።»

ያን ቀን ወንድሟ ስልክ አላነሳላትም። በማግስቱም አላነሳም። የቀጠሮውን ቀንና ሰዓት በመልእክት ላከችለት፤ ማንበቡን አየች፣ መልስ ግን የለም። እንዲህ ያለ ኩርፊያ በመካከላቸው ገብቶ አያውቅም። ለቀጠሮው አንድ ምሽት ሲቀር ቤቱ ሄዳ በሩን አንኳኳች።

የከፈተችላት ሚስቱ ናት። «እትዬ! ይግቡ፣ ይግቡ» አለቻት፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ምነው ጠፉ? እሱንም ብጠይቀው አይናገርም፤ ከዚያ ከደስታችን ቀን ጀምሮ ፊቱ እንደጠቆረ ነው። ተጣላችሁ እንዴ?»

ምንም እንዳልነገራት ኃላፊዋ ያን ጊዜ ገባት።

ወንድሟ ሳሎኑ መሃል መሬት ላይ ተቀምጦ የሕፃን አልጋ እየገጣጠመ ነበር። ቀና ብሎ አላያትም። አንዱን የጎን ጣውላ በጉልበቱ ደግፎ ብሎኑን ሊያስገባ ይታገላል፤ ጣውላው ደግሞ ይንሸራተትበታል። እህቱ ቦርሳዋን አስቀመጠችና ተንበርክካ ጣውላውን ያዘችለት። እሱም አልከለከላትም። አንዱን ብሎን አጠበቀ፣ ወደ ሌላው ዞረ። ፊት ለፊት ስታየው የዓይኑ ቢጫነት ጨምሯል።

«ነገ ነው» አለችው ቀስ ብላ።

«ደርሶኛል።»

«ትመጣለህ?»

ብሎኑን አጠበቀ።

«ምንድነው ነገ?» አለች ሚስቱ። የሚመልስላት ስታጣ ሁለቱንም እያፈራረቀች አየቻቸው። «ምንድነው የምትደብቁኝ?»

ኃላፊዋ ወንድሟን ተመለከተችው። «ንገራት» አለችው። «እኔ አልነግርልህም። ባትነግራትም ዛሬ ከዚህ አልነሳም።»

ወንድሟ መፍቻውን መሬት ላይ አኖረው። ነገሩን ሁሉ፣ ቀለሙ እንደቀደመ፣ እሱም እንደሰማ፣ ልጁን ለማየት ብሎ ዝም ማለቱን፣ እህቱንም ዝም እንድትል መለመኑን፣ አንገቱን እንደደፋ ተናገረ። ሲጨርስ ሚስቱ ወንበር ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ቀለሟ ነጥቷል።

«ልታየው?» አለች በመጨረሻ። «ልታየው ብቻ ብለህ?»

«ምናልባት ባልነሳ—»

«ለማየትማ ጎረቤትም ያየዋል!» ድምፅዋ ተሰበረ። «እኔ የሚያይልኝ አይደለም የቸገረኝ። ሲያለቅስ ተነስቶ የሚያቅፍልኝ፣ እጁን ይዞ ትምህርት ቤት የሚያደርስልኝ፣ ሲያጠፋ የሚገሥጽልኝ ነው። ላሳድገው አትልም? አንድ ጊዜ አይተኸው ልትሄድ ነው ዝም ያልከው?»

«ፈርቼ ነው» አለ ወንድሟ። ያንን ቃል ከአፉ ስትሰማ እህቱ የመጀመሪያዋ ነበር። በየመናኸሪያው ሰውን በሳቅ የሚያፈርሰው ልጅ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። «እኔ እኮ ፈርቼ ነው።»

«እኔስ አልፈራሁም?» አለች ሚስቱ እንባዋ እየወረደ። «ገብተህ ባትነሳ አለቅስልሃለሁ፣ ለልጅህም አባትህ ሊያሳድግህ ብሎ ነው የሞተው እለዋለሁ። ቁጭ ብለህ ቀኑ ቢያልፍብህ ግን ምን እለዋለሁ? ንገረኝ፣ ምን ልበለው?»

ኃላፊዋ በዚያ ሁሉ ዕውቀቷ፣ በነዚያ ሁሉ ፕሮቲኖቿ፣ ይህንን ልትለው አልቻለችም ነበር። ጣውላውን እንደያዘች እጇ ዝሎ ነበር፤ ግን አልለቀቀችውም።

ወንድሟ ፊቱን በክንዱ ጠረገና መፍቻውን አነሳ። የቀረውን ብሎን አስገብቶ እስኪጠብቅ ድረስ አዞረው። አልጋውን በእጁ ገፋ አድርጎ ሞከረው፤ አልተነቃነቀም።

«እትዬ» አለ፣ ዓይኑን ከአልጋው ሳያነሳ። «ነገ ጠዋት ሳልበላ ነው አይደል የምመጣው?»

«ሳትበላ» አለችው። ቀጥላም «ከዛሬ እኩለ ሌሊት በኋላ ውሃም እንዳትጠጣ» አለች።

ሚስቱ ዓይኗን በመዳፏ አበሰች፣ ወንበሩን ተደግፋ ተነሳችና እራት ልታቀርብ ወደ ማድ ቤት ገባች።